ጭስ የጠገበች ሌንስ

ጋሼ ስማቸው «ተራሽ ሲደርስ» ያሉኝን ብቆጥረው የእጄም የእግሬም ጣት አይበቃኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ረጅሟን ሌንስ፣ ፈረስን ከሜዳው ማዶ ጎትታ ዓይን ስር የምታመጣዋን፣ ለጥር ሃያ ሦስት እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተራዬ አልደረሰም። ከተማችን ቆሰበር ላይ ተራ የሚባለው ነገር ወደ ሴት ሲመጣ ያነክሳል መሰለኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ወንፈላችን ልንገራችሁ። ገበሬ በወንፈል ያርሳል፣ በወንፈል ያጭዳል፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን። እኛ የቆሰበር ፎቶ አንሺዎች ደግሞ በወንፈል ሌንስ እንዋዋሳለን። ስድስት ነን፤ አምስቱ ወንዶች፣ ስድስተኛዋ እኔ ፀደይ ሽባባው። ሁሉንም ዓይነት ሌንስ ለብቻው ገዝቶ የሚዘልቅ ማንም ስለሌለ አንዱ ለጠባብ ቤት የሚሆነውን፣ ሌላው ፊት የሚያሳምረውን፣ ሌላው ረጅሙን ይገዛና ሁሉም ጋሼ ስማቸው ፎቶ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሠርግ ያለበት ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ሕጉ አጭር ነው፤ ካሜራችን ላይ የሚገጥም ሌንስ ሁሉ የሁላችንም ነው። ተራውን የሚያወጡት ግን ጋሼ ስማቸው ናቸው፣ ቁልፉም ያለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።

መግጠም ማለት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ ሌንሱን ከካሜራው ጋር የሚያያይዝበት የራሱ የብረት መግጠሚያ አለው። የካኖንን ሌንስ ካኖን ላይ አስገብታችሁ ትንሽ ስታዞሩት ቀጭ ይልና ይይዛል። ኒኮን ላይ ግን ብትጸልዩም አይገባም። አንዴ የአንዱን መግጠሚያ ከመረጣችሁ ከዚያ በኋላ የምትገዙትም የምትዋሱትም በዚያው ነው፤ እንደ ጋብቻ ነው። የወንፈላችን ካሜራዎች በሙሉ ካኖን ነበሩ፤ የኔም ካኖን ነበር።

ነበር የምለው በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አዘና ከተማ ሠርግ ሳነሳ ስለሞተብኝ ነው። ከሦስት ሰው እጅ ዞሮ የደረሰኝ ካሜራ ነበር፤ ዕድሜ ጠግቦ ነው የሞተው፤ አልረገምኩትም። ሙሽራዋ ከጓዳ ልትወጣ አንድ እርምጃ ሲቀራት አንድ ጊዜ ክርር አለና ዝም አለ። ሙሽራዋ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ፣ እኔም ፈገግ ብዬ ጠበቅኋት፤ ሁለታችንም የምንጠብቀው አልመጣም። የቀረውን በሚዜው ስልክ አነሳሁ። ቆሰበር ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።

ጋሼ ስማቸው ሃምሳን አልፈዋል፤ ከተማው ውስጥ ካሜራ ከያዘው ሁሉ ታላቅ ናቸው። ክፉ ናቸው ብል እግዜር ይታዘበኛል። አባቴ ሲሞት አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ፍላሽ አያያዝ ያስተማሩኝም፣ የመጀመሪያውን ሠርግ የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ግን ደግነታቸው ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ደግሞ ልክ ከጭንቅላቴ በላይ ነው የተሠራው። የሙሽራዋ ጓዳ የኔ፣ ኩሉና ሽቶው የኔ፣ ለሌላው ሰው መብራት መያዝ የኔ። ሜዳውና ፈረሱ የነሱ።

«ሴት ልጅ ከፈረስ ፊት አትቆምም» ይላሉ፤ ከመጽሐፍ ያነበቡት ይመስል።

በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት የአገው ፈረሰኞች ከየወረዳው ቆሰበር ይገባሉ። ሜዳው በነጭ ልብስና በፈረስ ጋማ ይሞላል። ሌላው ቀን ለኛ የእለት እንጀራ ነው፤ የፎቶ አንሺ ስም የሚወጣው ግን በዚያ ቀን ነው። አባቴ ሽባባው ስሙን ያወጣው እዚያ ነበር። ከግምጃ ቤት ከተማ እስከ አዘና ብትሄዱ፣ አሮጌ ቤት ገብታችሁ ግድግዳውን ብታዩ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ ፈረስ ፎቶ ካለ የአባቴ ነው። ሌላው ሁሉ ፈረስን ከጎን ያነሳል፣ አለዚያም ካለፈ በኋላ ጭራውን። እሱ ከፊቱ ይቆም ነበር። እኔም የፈለግሁት እሱን ብቻ ነው፤ አባቴ የቆመበት ቆሜ፣ ፈረስ ፊት ለፊቴ ሲመጣ ማንሳት። ለዚህ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ካሜራዬ በሞተ በሳምንቱ ወንፈሉ ተሰበሰበ። ጋሼ ስማቸው ነገሩን እንዳለቀ አድርገው ጀመሩት።

«ካኖን ነው እንግዲህ የምትገዢው። ሞዴሉን እኔ እነግርሻለሁ።»

«እያሰብኩ ነው፣ ጋሼ።»

«ምኑ ይታሰባል?»

«አባቴ አራት ሌንስ ትቶልኛል፤ የኒኮን። ኒኮን መግጠሚያውን ከአባቴ ዘመን ጀምሮ አልቀየረም። የዛሬው ዲጂታል ላይም ይገባል።» ኔትወርክ በነበረ ቀን ስልኬ ላይ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ ተሳስቼ እንዳይሆን።

አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ስማቸው ከሁሉም ዘግይተው ነው የሳቁት። ያኔ ልብ አላልኩትም።

«የእታለማሁን የምድጃ ብረት ነው የምትዪው?» አሉ። «ከበቆሎው ጋር የተሰቀለውን?»

የሚስቁበት አላጡም። እናቴ እታለማሁ የገጠር ልጅ ናት። ቆሰበር ክረምቱ ረጅም ነው፤ እርጥበቱ ግድግዳ ያላብሳል። አባቴ በየክረምቱ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ገባ እያለ ሲበሳጭ ትሰማ ነበር። እሱ ሲሞት አራቱን ሌንሶች በጨርቅ ጠቅልላ፣ ትልቅ ቅል ውስጥ ከታ፣ አፉን በእንጨት ደፍና ከምድጃው በላይ ሰቀለቻቸው። የዘር በቆሎ የሚሰቀለው እዚያ ነዋ! ጭስ ነቀዝ ያርቃል፣ እርጥበትም ያርቃል፤ ለዘር የጠቀመ ለመስታወት ምን ይጎዳል ብላ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሌንሶቹ ከበቆሎው ጋር ጭስ ጠጡ። ይህ በጎረቤት ተወርቶ፣ ገበያ ወጥቶ፣ ተቀልዶበት አልቋል።

እኔም ራሴ አፍሬበት ነበር። ያን ቀን ግን ተናድጄ ቤት ገባሁና ቅሉን አውርጂልኝ አልኳት።

«ለምንሽ ነው?»

«ልዘራቸው ነው» አልኩ።

ጨርቁን ስንፈታ ቤቱ ጭስ ጭስ አለ። የረጅሟ ሌንስ የፊት መስታወት ቡናማ ሆኗል። እናቴ ከጓዳ አረቄ አመጣች፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክራ ሰጠችኝ። ጠረግሁት። ጨርቁ ጠቆረ። ደግሜ ጠረግሁት። ከስሩ መስታወቱ ወጣ፤ ትንሽ የማር ቀለም ቀርቶበት ካልሆነ በቀር ንጹሕ ነው። ወደ መስኮቱ አዙሬ ውስጡን አየሁ። አንድም የሻጋታ ክር የለም! የጋሼ ስማቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ካሉት ሌንሶች ግማሾቹ በክረምቱ ሻጋታ እንደያዙ አውቃለሁ፤ በየጊዜው የምጠርጋቸው እኔ ነበርኩ። እናቴን አቅፌ ሳምኳት። «አላልኩም?» አለችኝ። በሕይወቷ አንድም ጊዜ አላለችም፤ ዝም ብላ ነው የሰቀለችው።

በማግስቱ ረጅሟን ሌንስ በጋቢ ጠቅልዬ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። ዳንግላ ላይ ገበየሁ የሚባል ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ዕድሜው ከኔ ብዙ አይበልጥም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ፤ አንድ ካኖን፣ አንድ ኒኮን። ሁለቱም ደህና ናቸው።

«ኒኮኑን ከወሰድሽ» አለኝ፣ «ያባትሽ ሌንስ ይገባል፤ ግን ይሄ ርካሹ ነው፣ ከአሮጌ ሌንስ ጋር አይነጋገርም። ብርሃኑን አይለካልሽም። በግምት ነው የምታነሺው። የነስማቸው ሌንስ ደግሞ ጭራሽ አይገጥምልሽም። ከሁለት ያጣሽ ጎመን እንዳትሆኚ።»

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ የስኒ አፍ የምታህል ስስ የብረት ቀለበት አወጣ።

«ይቺን አየሻት? የኒኮን ሌንስ ካኖን ላይ ታስገጥማለች። በተቃራኒው አይሆንም፤ የካኖንን ሌንስ ኒኮን ላይ የምታሠራልሽ ደህና ቀለበት እኔ አላየሁም። ካኖኑን ግዢ፣ ቀለበቷን ልመርቅልሽ። ያባትሽንም ታነሺበታለሽ፣ የወንፈሉንም። ካሜራውም ብርሃኑን ይለካልሻል። ምን ቀረሽ?»

ምን ቀረኝ? ምንም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ካኖኑ ላይ አርፎ ነበር። ከሰው አልጣላም፣ ሠርጌ አይቀርም፣ የአባቴም ሌንስ ይሠራል። እንዲያው አፌ ሥራ እንዳይፈታ ያህል ጠየቅሁት።

«ይቺን ቀለበት ከየት አገኘሃት? ቆሰበር ላይ አይቼ አላውቅም።»

«ጋሼ ስማቸው አዘውኝ ነዋ! ሁለት አስመጣሁ፤ አንዷን አምና ወስደዋል። ‹የሽባባው ረጅሟ አንድ ቀን ወንፈሉ ውስጥ መግባቷ አይቀርም፤ እንዲያ ዓይነት ሌንስ ከእንግዲህ አይገኝም› አሉኝ። አልነገሩሽም?»

እጄን ከካኖኑ ላይ አነሳሁ።

አምና! የምድጃ ብረት እያሉ ሲያስቁብኝ ቀለበቷ ኪሳቸው ውስጥ ነበረች። ካኖን ግዢ ያሉኝ ለዚህ ነው። ካኖን ከገዛሁ፣ ቀለበቷ ካለች፣ የአባቴ ሌንስ ይገጥማል። የገጠመ ደግሞ የሁሉም ነው። የሁሉም የሆነ ቁም ሳጥን ይገባል፤ ከቁም ሳጥን የሚወጣው በተራ ነው። እናቴ አሥር ዓመት በጭስ የጠበቀችውን ሌንስ ጥር ሃያ ሦስት እሳቸው ይዘው ሲወጡ፣ እኔ ከኋላ መብራት ይዤ ስቆም ታየኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ኒኮን ከያዝኩ ግን ከወንፈሉ እወጣለሁ፤ ሕጉም ሌንሷን አይደርስባትም።

«ኒኮኑን ስጠኝ» አልኩት።

«ፀደይ፣ ብርሃን አይለካም አልኩሽ'ኮ።»

«እኔ እለካለሁ።»

ሌንሷን ከጋቢው አውጥቼ ካሜራው ላይ አስገባሁና አዞርኩ። ቀጭ አለች። ያች ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ነበረች፤ አባቴ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ የሚያሰማት ድምፅ ናት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ገበየሁ እንዳያየኝ ካሜራውን ፊቴ ላይ ደግኜ ወደ አስፋልቱ ዞርኩ። የአባቴ ሕግ ትዝ አለኝ፦ ፀሐይ ሲከር የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ አሥራ ስድስት ላይ፣ ደመና ሲያጠላ ስምንት ላይ፤ ፍጥነቱን ከዚያ አስማሚው። የቆመ ባጃጅ አነሳሁ። ስናየው ጨለማ ነው።

«አየሽ?» አለ ገበየሁ።

ጨለማው የግምቴ ስህተት አልነበረም። መስታወቱ የማር ቀለም አለው፤ አንድ እርከን ብርሃን ይበላል። ጭሱ ነዋ! ቀዳዳውን አንድ እርከን ከፈትኩና ደገምኩት። ባጃጁ ከነጭቃው፣ ሹፌሩ ከነጥርሱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ገበየሁ ስክሪኑ ላይ ተጎንብሶ ብዙ አየ። ከዚያ አፍንጫውን አሻሸ።

«ጭስ ጭስ ይላል» አለኝ።

«ጠግቧል» አልኩት።

ቆሰበር ስመለስ በቀጥታ ጋሼ ስማቸው ፎቶ ቤት ገባሁ። ነገር ማሳደር አልወድም። ካሜራውን ባንኮኒያቸው ላይ አስቀመጥኩት። ያዩት ሌንሱን ሳይሆን ከካሜራው ፊት የተጻፈውን ስም ነው። ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። እኔ ግን ድሩ ውስጥ ዝንቧ ነኝ እንጂ ድሩ አይደለሁም።»

«እንግዲያው የወንፈሉን ሌንስ አትነኪም። የወንፈሉ ሠርግም አይደርስሽም። ስትራቢ ትመጫለሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ አስተምረውኛል» አልኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት። ስለ ቀለበቷ ግን ምንም አልተነፈስኩም፤ ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኳት።

እሳቸው እንዳሉት ሆነ። ኅዳርና ታኅሣሥ አንድ ሠርግ አልደረሰኝም። ጉርድ ፎቶ ብቻ፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለፓስፖርት። ነጭ ጨርቅ ሰቅዬ «ቀና በል፣ አትሳቅ» ስል ዋልኩ። መንገድ ላይ ወንፈሎቹ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፤ ግን ዓይናቸው እጄ ላይ ነው፤ ካሜራውን ሸጥኩ አልሸጥኩ እያሉ። እናቴ ፈርታ «ልጄ፣ ምናለ ሽማግሌ ልከሽ ብትታረቂ?» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ጭቅጭቁ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ራሷ «የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ያባትሽ ይሻልሻል» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግምጃ ቤት እሄድ ነበር፤ ገበያ ነው፣ ፈረስ አይጠፋም። ከገበያው በላይ ባለው መስክ ቆሜ ጎልማሶች ሲጋልቡ ለማንሳት ሞከርኩ። አቃተኝ! አዲሶቹ ሌንሶች በራሳቸው ያተኩራሉ፤ የአባቴን ግን በእጅ ማዞር ነው። ፈረሱን ስከተል፣ ሳዞር፣ ስከተል፣ ያልፈኛል። ካርዱ ላይ የቀረው ጭጋግና ጭራ ነበር። ሁለት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ጋሼ ስማቸው ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ያሰብኩት በዚያ ሰሞን ነው፤ ለማንም አልተናገርኩትም።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ቀይ ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። አያ ምህረቴ ይባላሉ፤ ከእሳቸው በፊት ፈረሳቸውን ነው ያወቅሁት፣ የዚያችን ፈረስ እናት አባቴ አንስቷት ነበርና። ከሌላ ሰው ጋር በአገውኛ እያወሩ መጥተው ለኔ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«የሽባባው ልጅ ነሽ አሉኝ። ፈረሱን ለምን ታሳድጂዋለሽ?»

«ላነሳው ነዋ፣ አያ።»

«አባትሽ አያሳድድም ነበር። መሬት ያይ ነበር። ከፊቴ ይቆምና ሣር ሣሩን ያያል፤ እኔም ይሄ ሰው ምን ጠፍቶበት ነው እል ነበር።»

እሳቸው እንደዋዛ ነው የተናገሩት፤ ለኔ ግን በር ተከፈተልኝ። ለካ መሬት ላይ አንድ ምልክት ይመርጣል፤ ጉቶ፣ ድንጋይ፣ የሣር ቁጥቋጦ። ሌንሱን እዚያ ላይ አተኩሮ እጁን ያሳርፋል። ፈረሱ ወደ ምልክቱ ይመጣል እንጂ እሱ ወደ ፈረሱ አይሄድም። ፈረሱ እዚያ ሲደርስ መጫን ብቻ ነው። ለዚህ ግን ፈረሱ የሚመጣበት መስመር ላይ፣ ፊት ለፊቱ፣ ሳይነቃነቁ መቆም ያስፈልጋል። ከጎን ሆኖ አይሆንም።

«አያ፣ ወደኔ ይጋልቡልኛል?» አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ሴት ልጅ ከፈረስ ፊት…» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ፈረስ ሴትና ወንድ አይለይም» አሉ። «የሚርድና የማይርድ ግን ይለያል። ካልሸሸሽ እሷ ታውቅበታለች፣ ዘወር ትላለች። ከሸሸሽ ወዴት እንደምትሄጂ አታውቅምና ትመታሻለች።»

የመጀመሪያውን ሸሸሁ። ትከሻዬን ጨርፋኝ አለፈች፤ ጭቃ ውስጥ ወደቅሁ፣ ካሜራውን ግን ወደ ላይ ይዤው ነበር። ሁለተኛውን ቆምኩ፤ ዓይኔን ግን ጨፈንኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ጥር ድረስ በየቅዳሜው ቆምኩ።

ጥር ሃያ ሦስት ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ቀይና አረንጓዴ የኮርቻ ልብስ፣ ግላስ፣ የለበሱ ፈረሶች፣ ነጭ የለበሱ ፈረሰኞች፣ እልልታ፣ አቧራ። ጋሼ ስማቸውና አራቱ ከመድረኩ ጎን፣ ገመድ በተወጠረበት በኩል፣ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። ረጅሟ የወንፈሉ ሌንስ አንገታቸው ላይ ነች። እኔ ገመዱን አልፌ፣ ሰዉን አልፌ፣ ሜዳው ጫፍ ድረስ ሄድኩ፤ ፈረሰኞቹ ሮጠው ሮጠው የሚዞሩበት ቦታ። ከፊቴ ወደ አርባ እርምጃ ራቅ ብላ አንዲት የሣር ጉብታ አለች። እሷ ላይ አተኮርኩና እጄን ከሌንሱ አነሳሁ። ፀሐዩን አየሁ፤ ቀዳዳውን እንደ አባቴ አድርጌ፣ ለጭሱ አንድ እርከን ጨመርኩ።

ጋሼ ስማቸው ከሩቅ አዩኝ። «ፀደይ! ነይ ውጪ ከዚያ! ትሞቻለሽ!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። በእውነት ፈርተውልኝ ነው የጮኹት፤ ድምፃቸው ውስጥ ሰምቻለሁ። ግን አንድ ጊዜ ከወጣሁ ለሁልጊዜ እንደምወጣ አውቅ ነበር። እግሬን ሰፋ አድርጌ ተከልኩ።

ከዚያ መጡ። አያ ምህረቴ ከፊት፣ ከኋላቸው ወደ ሃያ ፈረሰኛ። መሬቱ ከእግሬ ስር ይመታል፤ ልቤም ይመታል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ጉብታዋን ብቻ ነው ያየሁት። ሣር ነበረች። ሣር ነበረች። ከዚያ ደረት ሆነች። ተጫንኩ። ዳማዋ ራሷን ሰብራ በግራዬ አለፈች፣ ሌሎቹ በቀኝና በግራ ተከፈሉ፣ ነፋሱ ነጠላዬን ገፈፈው። አልተነቃነቅሁም።

አቧራው ሳይወርድ ስክሪኑን አየሁ። አራቱም ኮቴዎች ከመሬት ለቀዋል። የፈረሷ አፍንጫ ተነፍቷል፤ የአያ ምህረቴ ጥርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከኋላቸው አቧራው የማር ቀለም ይዟል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «አባዬ፣ አየኸው?» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ማንም ቢሰማኝ ግድ አልነበረኝም።

አያ ምህረቴ ፈረሳቸውን መልሰው መጡ፤ ከኮርቻው ሳይወርዱ ጎንበስ ብለው አዩ። ሌሎቹንም ጠሩ። ፈረሰኞቹ ከበቡኝ፤ አንዱ ለሌላው በአገውኛ እየነገረ «እኔንም፣ እኔንም ታንሳኝ፤ ወደሷ ነው የምጋልበው» ተባባሉ። በዚህ መሃል ጋሼ ስማቸው እያለከለኩ ደረሱ። መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ሙሉ ሰው መሆኔን አረጋገጡ። ቀጥሎ ስክሪኑን አዩ።

«የኔዋ…» አሉ ቀስ ብለው፣ «ወደ ፀሐዩ ሳዞራት ፎቶው እንደ ወተት ይነጣል። ሻጋታ ገብቶባታል።» አንገታቸው ላይ ያለችውን አወረዷት። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ያችን ስስ ቀለበት አወጡ። አምና የወሰዷትን። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መዳፋቸው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ አየኋት።

«እስቲ ረጅሟን ለአንድ ግልቢያ አውሺኝ» አሉኝ። «በዚች ቀለበት ካሜራዬ ላይ ትገጥማለች።»

ዋሽቼ አልነግራችሁም፣ አሳዘኑኝ። ፍላሹን እንዴት እንደምይዝ እጄን ይዘው ያሳዩኝ ቀን ትዝ አለኝ። ሽበታቸው አቧራ ለብሷል። ሌንሷን ብሰጣቸው ጥሩ ፎቶ እንደሚያነሱም አውቃለሁ። ከሜዳው ማዶ ሁለተኛው ቡድን ተሰልፎ ፈረሶቹ መሬት መጫር ጀምረዋል። አያ ምህረቴ ልጓሙን ይዘው መልሴን እየጠበቁ ነው። ጋሼ ስማቸው ቀለበቷን ወደኔ ዘረጉ።

ብድግ አልኩ፤ አቧራዬን አራገፍኩ። ካሜራዬን ደረቴ ላይ አስተካከልኩ፤ ጭሷ ሸተተኝ።

«ተራዎ ሲደርስ፣ ጋሼ» አልኳቸው፤ ፊቴንም ወደ ሜዳው አዞርኩ። ፈረሶቹ እየመጡ ነበር።